ጉግስና ገበያ፤ ሸቀጥን በጨዋታ ስለ ማስተዋወቅ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ነጋዴ ሸቀጡን ከገበያተኛ ፊት ለማቅረብ የማይሞክረው ዘዴ የለም። በሱቁ ደጃፍ ሰሌዳ ይሰቅላል፤ በድምፅ ማጉያ ያስለፍፋል፤ በራዲዮ ያስነግራል፤ በአሁኑ ዘመን ደግሞ የዕቃውን ፎቶግራፍ በስልክ ያሰራጫል። ዳሩ ግን ገበያተኛው ይህን ሁሉ ዘወትር ከመስማቱ የተነሣ ጆሮው ለምዶታል። «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጽሕፈት ያየ ሰው፣ ዋጋው አስቀድሞ ከፍ ተደርጎ እንደ ሆነ ይጠረጥራል፤ «ዓይነተኛ ዕቃ» ሲባልም፣ ይህን ያላለ ነጋዴ ማን አለ ብሎ ያልፋል። እንግዲህ ዛሬ የጎደለን ጩኸት አይደለም፤ የጎደለን ወድዶ የሚሰማ ጆሮና የሰማውን የሚያምን ልብ ነው።

ይህ ጉዳይ በአዊ ዞን፣ በተለይም በእንጅባራና በዳንግላ ላለን ሰዎች ከሌላው ይልቅ ይጠብቃል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ ሲዘገይና ገበያተኛ ሲቀር ታይቷል። ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ነጋዴን ሁለት ፈተናዎች ያገኙታል። አንደኛው እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው በሐሰት ማስታወቂያ ገዥን መጥራት ነው። የመጀመሪያው ሱቅን ይዘጋል፤ ሁለተኛው ስምን ይገድላል። በትልቅ ከተማ የተታለለ ገዥ ቢሄድ ሌላ የማያውቀው ሰው ይመጣ ይሆናል፤ በእኛ ከተሞች ግን የአንዱ ገዥ አማት የሌላው ገዥ ጎረቤት ስለ ሆነች፣ አንድ ሰው ማታለል አንድ ቀበሌ ማስቀየም ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከነዚህ ከሁለቱ ፈተናዎች የሚያወጣ አንድ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ይኸውም ሸቀጥን በጨዋታ ማስተዋወቅ ነው። ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢመስልም፣ ሥሩን የምናገኘው በገዛ ሜዳችን ላይ ነው።

ከጉግስ የምንማረው

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የዞናችን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ የዓድዋን ድልና ፈረስ ለአገር የዋለውን ውለታ ያዘክራል። በዚያ ቀን ጉግስ ሲካሄድ፣ አንዱ ፈረሰኛ ያባርራል፤ ሌላው ጋሻውን ወደ ኋላ መልሶ ይሸሻል፤ ዱላም ይሰነዘራል። የተመልካቹ ልብ ይመታል፤ ሴቶች እልል ይላሉ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጦርነት ተነሣ ብሎ ወደ ቤቱ የሚሮጥ አንድ ሰው እንኳ አይገኝም።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጠላትነቱ የጨዋታ ነው፤ ፈረሱ ግን የእውነት ፈረስ ነው፤ የፈረሰኛውም ችሎታ የእውነት ችሎታ ነው። ጠላትነቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ደም በፈሰሰ ነበር፤ ፈረሱ የእንጨት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ተመልካቹ ስቆ በተበተነ ነበር። የጉግስ ክብሩ ሁለቱን ለይቶ በማወቁ ላይ ነው።

እንዲሁም በየቤታችን ማታ ማታ የሚጫወቱትን እንቆቅልሽ እናስብ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ ያቃተው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን አንሥቶ ይሰጣል። አሸናፊውም በጎንደር ምን ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ ከተናገረ በኋላ መልሱን ይገልጻል። በዚህ ጨዋታ ብዙ ከተሞች ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል፤ ነገር ግን አገሬን ተቀማሁ ብሎ የከሰሰ የለም። መልሱ ግን፣ ልጁ ያላወቀው ያ ቁም ነገር፣ ከጨዋታው በኋላ በእውነት ከእርሱ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ የትምህርታችን መሠረት ይህ ነው፤ ተረቱ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፤ ሸቀጡ፣ ዋጋው፣ ሚዛኑና ሽልማቱ ግን ከቶ የተፈጠሩ ሊሆኑ አይገባም።

በውጭ አገር የተሠራበት መንገድ

ፈረንጆች «ኦልተርኔት ሪያሊቲ ጌም» የሚሉትን በቋንቋችን «እውን መሰል ጨዋታ» ብንለው ትርጉሙን ያደርስልናል። አሠራሩም እንዲህ ነው። አዘጋጁ አንድ ታሪክ ይፈጥራል፤ ታሪኩን ግን እንደ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አይተርከውም። ቆራርጦ በእውነተኛው ዓለም ውስጥ ይበትነዋል፤ አንዱን ቁራጭ በጋዜጣ፣ አንዱን በግድግዳ ጽሕፈት፣ አንዱን በስልክ፣ አንዱንም በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ተጫዋቹ ቁርጥራጩን እየለቀመና ከሌሎች ጋር እየተማከረ ይገጣጥመዋል። እንግዲህ እርሱ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ የታሪኩ ተካፋይ ነው።

ነገሩ መልኩ ተለዋወጠ እንጂ ጨርሶ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 የእንግሊዙ «ዌስትሚንስተር ጋዜት» ጋዜጣ «ሎቢ ሉድ» የተባለ በፈጠራ የተሰየመ ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተሞች ላከ። የሰውዬው መልክና የሚሄድበት ከተማ በጋዜጣው ላይ ይገለጽ ነበር። ጋዜጣውን በእጁ ይዞ፣ በጋዜጣው የተወሰነውን ቃል ተናግሮ የለየው አንባቢ 50 ፓውንድ ይሸለም ነበር። ስሙ የተፈጠረ ነበር፤ ጋዜጣውና 50 ፓውንዱ ግን እውነት ነበሩ። ጨዋታ መሆኑንም ያላወቀ አንባቢ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የማይክሮሶፍት ኩባንያ ሠራተኞች፣ ስቲቨን ስፒልበርግ ላዘጋጀው «ኤ.አይ.» ለተባለው ፊልም ማስተዋወቂያ የሚሆን ትልቅ እውን መሰል ጨዋታ ሠሩ። ፍንጩ የተጀመረው በፊልሙ ማስታወቂያ ወረቀት ላይ ከሠራተኞቹ ስም ጋር በተጻፈ አንድ እንግዳ የሥራ መጠሪያ ነበር። ያን ተከትለው የሄዱ ሰዎች የተቀናበረ የግድያ ምርመራ ታሪክ አገኙ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተጫዋቾችም ተደራጅተው ምስጢሩን በኅብረት ፈቱት። በ2004 ደግሞ «ሄሎ 2» ለተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ማስተዋወቂያ በተሠራ ሌላ ዝግጅት፣ በመንገድ ዳር ያሉ የሕዝብ ስልኮች በተቀጠረው ሰዓት ይደወሉ ነበር፤ ተጫዋቾችም ከስልኮቹ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ነጋዴ ከዚህ የሚቀስመው ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ገበያተኛው ተጎትቶ ሳይሆን በገዛ እግሩ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ሰው የተነገረውን ይረሳል፤ ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ግን አይረሳም። ሦስተኛ፣ ብቻውን የማይፈታውን ለመፍታት ጎረቤቱን ስለሚጠይቅ፣ ማስታወቂያው ያለ ተጨማሪ ወጪ ከቤት ወደ ቤት ይዘልቃል።

ጨዋታ ወደ ሐሰት የሚሻገርበት ድንበር

በእነዚያ የውጭ አገር ጨዋታዎች «ይህ ጨዋታ አይደለም» የሚለው አነጋገር በአዘጋጆችና በተጫዋቾች ዘንድ እንደ መርሕ ተይዞ ነበር። አዘጋጁ ጨዋታ መሆኑን ሳያምን እስከ መጨረሻው ይጸናል ማለት ነው። ይህ መርሕ ለእኛ አይበጅም። ፊልም ለማየት የሚሻና እንደዚህ ያለውን ዝግጅት የለመደ ሰው በልቡ ጨዋታነቱን ያውቀዋል፤ ማክሰኞ ጧት ከገጠር ቅቤ ይዞ የመጣ ገበያተኛ ግን በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንደ ተጻፈው ያምነዋል። የአንዱ አገር ቀልድ ለሌላው አገር ወሬ ይሆናል።

በዚህ ድንበር ላይ የተሰናከሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ አራቱን ብቻ እንመልከት።

የመጀመሪያው ማንነትን መደበቅ ነው። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሶኒ ኩባንያ የእጅ ጨዋታ መሣሪያውን ለማስተዋወቅ፣ ተራ ወጣቶች የጻፉት የሚመስል ገጽ በኢንተርኔት አወጣ። አንባቢዎች የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ መሆኑን ደረሱበትና አፌዙበት፤ ኩባንያውም ለማመን ተገደደ። ዕቃው መጥፎ አልነበረም፤ የጎዳው የተናጋሪው ስም መሸሸጉ ነው።

ሁለተኛው ሕዝብን ማስደንገጥ ነው። በጥር 31 ቀን 2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ ለአንድ የቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ማስተዋወቂያ የተሰቀሉ ባለ መብራት ሰሌዳዎች ፈንጂ ተብለው ተጠረጠሩ፤ ፖሊስም መንገዶችንና ድልድዮችን ዘጋ። አስተዋዋቂዎቹ ኩባንያዎች 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ሰላም በሰፈነበት ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ ብዙ ድንጋጤ ባየ አካባቢ ባለቤቱ ያልታወቀ ጥቅል ወይም ምስጢራዊ ጽሕፈት ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው በሽልማት ቁጥር መሳሳት ነው። በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፊሊፒንስ የፔፕሲ ኩባንያ በጠርሙስ ቆርኪ ሥር ቁጥር አትሞ፣ ዕጣ ለወጣለት 1 ሚሊዮን ፔሶ እከፍላለሁ አለ። አሸናፊ ተብሎ የተነገረው 349 ቁጥር ግን በስሕተት በ800,000 ያህል ቆርኪዎች ላይ ታትሞ ተገኘ። ኩባንያው ለእያንዳንዱ 500 ፔሶ ብቻ ልስጥ ቢል ሕዝቡ ተቆጣ፤ መኪናዎች ተቃጠሉ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ያን ሁሉ ያመጣው አስቀድሞ በጥንቃቄ ያልተቆጠረ ቆርኪ ነው።

አራተኛው የአሸናፊው አለመንጻት ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኪት ዊልያምስ በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው «ማስከሬድ» በተባለ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ፣ የቀበረውን የወርቅ ጥንቸል ቦታ የሚያመለክት ምስጢር ሰውሮ ነበር። በ1982 ጥንቸሉ ተገኘ። በ1988 ግን አሸናፊው ምስጢሩን ሳይፈታ፣ ለደራሲው ቅርብ ከነበረ ሰው በተገኘ ወሬ እንደ ተረዳ በጋዜጣ ተገለጸ። በቅንነት የደከሙት ሁሉ ልፋታቸው ከንቱ መሆኑን የሰሙት ያን ጊዜ ነው።

ሕጋችንም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759፣ እንዲሁም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክሉ ናቸው። ከዚህም ሌላ በዕጣ የሚሰጥ ሽልማት ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ስለ ሆነ፣ ሽልማቱ በዕጣ ሳይሆን በመልስ ትክክለኛነት እንዲሰጥ ማድረግ ለትንሽ ነጋዴ ይቀልለዋል፤ ለተጫዋቹም ያስከብረዋል።

ለዳንግላና ለእንጅባራ የሚሆን አርአያ

ትምህርት ያለ ምሳሌ አይጨበጥምና፣ በሁለቱ ከተሞቻችን ሊሠራ የሚችል አንድ ጨዋታ እንንደፍ። ሰባት ነጋዴዎች፣ ሦስቱ ከዳንግላ፣ አራቱ ከእንጅባራ፣ ተስማሙ እንበል። ሰባት መሆናቸው ሰባት ቤት አገው የሚለውን የአባቶች አቆጣጠር ያስታውሳል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚቆጠርበት ጊዜ፣ አንድ ሲራራ ነጋዴ ከአገው ምድር ማር ጭኖ ወደ ጎጃም ባሶ ገበያ ይመላለስ ነበር። ሲሞት ለልጆቹ «ሀብቴን ሁሉ ያፈራሁበትን አንድ ዕቃ ትቼላችኋለሁ፤ ስሙን ከመዝገቤ ፈልጉ» አላቸው። መዝገቡ ግን ተቀዳድዶ ሰባቱ ገጾች በሰባት ሱቆች ተበተኑ። የባሶ ገበያና አሞሌው እውነተኛ ታሪክ ናቸው፤ ነጋዴውና መዝገቡ ፈጠራ ናቸው። ይህም በየገጹ ራስ ላይ በጉልህ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፤ «ይህ የሰባት ሱቆች ያዘጋጁት ጨዋታ ነው፤ ታሪኩ የተፈጠረ ነው፤ ስለ ዕቃው የተነገረው ግን እውነት ነው፤ ለመጫወት ምንም መግዛት አያስፈልግም።» ከሥሩም የሱቆቹ ስም ይዘረዘራል።

በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይኖራል። ጥያቄው ስለ ሱቁ ዕቃ ቁም ነገር የሚያስተምር መሆን አለበት፤ የጨዋታው ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የማር ነጋዴው ገጽ እንዲህ ይጠይቅ፤ «ሲራራው ነጋዴ በጥቅምት የገዛው ማር በብርድ ረግቶ ቢያገኘው ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ ተቆጣ። ፍርዱ ትክክል ነበርን?» መልሱ አልነበረም ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ መርጋቱ ብቻ የመበረዝ ምልክት አይደለም። ይህን ያወቀ ገዥ ከእንግዲህ የረጋ ማር አይቶ አይሸሽም፤ ነጋዴውም ያለ ክርክር ይሸጣል።

የድንች ነጋዴው ገጽ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች ስለ ምን ከምግብ እንደሚለይ ይጠይቅ። ተጫዋቹ አረንጓዴው ክፍል ለጤና የሚጎዳ ነገር የሚገኝበት መሆኑን፣ ድንችም በጨለማና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ መቀመጥ እንዳለበት ይማራል። የቀርከሃ ዕቃ ሠሪው ገጽ ለወንበር የሚሆን ቀርከሃ ስንት ዓመት ሊሞላው እንደሚገባ ይጠይቅ፤ ከሦስት ዓመት በታች የሆነው ለጋ ስለ ሆነ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ለነቀዝም ይመቻል። በዚህ የርካሹ ወንበርና የውዱ ወንበር ልዩነት ለገዥው ይገለጽለታል።

የዘይትና የታሸገ ምግብ ሻጩ ገጽ በቆርቆሮው ላይ የመጠቀሚያ ጊዜና ልክ የት እንደ ተጻፈ ያስፈልግ። የጨው ሻጩ ገጽ አዮዲን ያለበት ጨው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ለምን እንደሚቀመጥ ይጠይቅ፤ አዮዲኑ ይጠፋልና። የጨርቅ ነጋዴው ገጽ 8 ክንድ ሸማ በሜትር ስንት ያህል እንደሚሆን ያስለካ፤ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ስለ ሆነ መልሱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ የረጅምና የአጭር ሰው ክንድ ስለሚለያይ ግን ሜትር መተካቱ ለምን እንዳስፈለገ ገዥው በገዛ እጁ ያየዋል። የኮርቻና የፈረስ ዕቃ ሠሪው ገጽ የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተበትን ዓመተ ምሕረት ይጠይቅ።

በየመልሱ ነጋዴው አንድ ፊደል ይሰጣል። ሰባቱ ፊደላት በቅደም ተከተል ሲገጠሙ «የታማኝ ሚዛን» የሚል ቃል ይወጣል፤ የሲራራው ነጋዴ ሀብት ሚዛኑ ነበረ ማለት ነው። መልሱን ያገኘ ሰው በየከተማው ወደ ተወሰነው የመጨረሻ ስፍራ ይሄዳል፤ በዚያም የተመረመረ ሚዛን ተቀምጦ ያገኛል። ይህ ሚዛን ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ ማንም ሰው ከሰባቱ ሱቆች የገዛውን ዕቃ ደግሞ ሊመዝንበት ይችላል። ጨዋታው በተረት ተጀምሮ በእውነተኛ ሚዛን ላይ ያልቃል። በሚዛኑ የማይተማመን ነጋዴ ወደዚህ ማኅበር አለመግባቱ ለራሱም ለጓደኞቹም ይሻላል።

የዳንግላ ሰው ወደ እንጅባራ መሄድ አያስፈልገውም። በዚያ ላለ ዘመዱ ደውሎ የእነርሱን ገጽ ያስጠይቃል፤ ለውጡንም የዳንግላውን ገጽ ያነብለታል። መረዳዳት ተፈቅዷል፤ እንዲያውም የሚፈለገው እርሱ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት በየስፍራው እኩል ስላልሆነ ጨዋታው በወረቀትና በቃል የሚሠራ ይሁን። ገጹም በአማርኛና በአውኚ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችልም ሻጩ ያንብብለት።

ልብ የሚባሉ ደንቦች

አንደኛ፣ «ይህ ነገር እውነት ነውን?» ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን ሽማግሌ፣ ወዲያውኑ ጨዋታ መሆኑ ይነገረው። ቀልዱን ለማጣፈጥ ተብሎ መልስ አይዘግይ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሞት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ጠፋ ሰው፣ ስለ ጦርነትና ስለ ዕቃ እጥረት የሚያወራ ታሪክ አይፈጠር። ዘይት ሊጠፋ ነው የሚል ፍንጭ ጨዋታ አይደለም፤ የገበያ ማወክ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመጀመሩ በፊት ለከተማው አስተዳደርና ለፖሊስ በደብዳቤ ይነገር፤ የገጾቹም ቅጂ ይያያዝ። ምንም ነገር በመንገድ፣ በድልድይና በመኪና መናኸሪያ አይቀመጥ፤ ሁሉም በሱቅ ውስጥ ይሁን።

አራተኛ፣ የሱቆቹ ባለቤቶች፣ ሠራተኞችና የቅርብ ዘመዶች አይሸለሙ።

አምስተኛ፣ ሲያልቅ ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸውና የተሰጠው ሽልማት ቁጥር በየሱቁ በር ላይ ይለጠፍ።

አንዳንድ ሰው፣ ጨዋታ መሆኑ አስቀድሞ ከተነገረ ጣዕሙ ይጠፋል ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱን የሚሰጠው ጉግስ ነው። ጨዋታ መሆኑን እያወቀ የሚመጣው ሕዝብ በየዓመቱ ሜዳውን ይሞላዋል እንጂ አይቀርም። ምስጢር ሊሆን የሚገባው የእንቆቅልሹ መልስ ነው፤ የጠያቂው ማንነት አይደለም።

ስለ ወጪና ገቢ

መዝገብ የምንይዝ ጸሐፊዎች ደስ ከሚያሰኝ አሳብ ይልቅ የተደመረ ቁጥር እናምናለን። ስለዚህ ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናስላ፤ እያንዳንዱ አንባቢ ቁጥሩን በራሱ ገበያ ዋጋ ይተካው።

ሰባቱ ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው 2,500 ብር ቢያዋጡ 17,500 ብር ይሆናል። ሰባቱ ገጾች እያንዳንዳቸው በ200 ቅጂ ቢታተሙ 1,400 ወረቀት ነው፤ አንዱ በ5 ብር ቢቆጠር 7,000 ብር ይወጣል። ቀድመው ለፈቱ 20 ሰዎች የ400 ብር ዕቃ ቢሰጥ 8,000 ብር ነው። የቀረው 2,500 ብር ሚዛኑን ለማስመርመርና ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። የተሸላሚው ቁጥር 20 መሆኑ በገጹ ላይ ይጻፍ፤ ዕቃውም ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተገዝቶ፣ ተቆጥሮና ተፈራርመውበት በአንድ ስፍራ ይቆለፍ። በፊሊፒንስ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ደንብ አያቃልለውም።

አንድ ነጋዴ ከአንድ አዲስ ገዥ በአማካይ 100 ብር ያልተጣራ ትርፍ የሚያገኝ ከሆነ፣ መዋጮውን ለመመለስ 25 አዳዲስ ገዥዎች ይበቁታል። ይህን ለማወቅ ግን ጨዋታው በሚካሄድበት ወር የመጣውን አዲስ ገዥ በተለየ መዝገብ መጻፍ ግድ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ወሮችም ከእነዚያ መካከል ስንቱ እንደ ተመለሰ ይቆጠር። ጨዋታው ያመጣውን ሰው ሊያስቀር የሚችለው ሸቀጡ ብቻ ነውና፣ ተመላሽ ከሌለ ጉድለቱን ከመደርደሪያው ላይ እንፈልገው።

ስለ አስመጪዎችና ላኪዎች

ይህ ትምህርት ለባለ ሱቅ ብቻ አይደለም። አስመጪ የሆነ ሰው አዲስ ዕቃ ሲያገባ፣ አጠቃቀሙን በእንቆቅልሽ መልክ ለቸርቻሪዎቹ ቢያቀርብ፣ ሻጩ ራሱ ዕቃውን ያውቀዋል፤ ዕቃውን የማያውቅ ሻጭ ደግሞ ከሁሉ የከፋ አስተዋዋቂ ነው።

ላኪ ግን ከሁሉም ይልቅ ይጠንቀቅ። ማር ወይም ቅመም ወደ ውጭ ሲልክ፣ ከቀፎው እስከ ወደቡ ያለውን ጉዞ እንደ ታሪክ ቆራርጦ በየማሸጊያው ላይ ቢያኖር፣ ገዥውን ያስደስታል። ነገር ግን የቦታው ስም፣ የአመራረቱ ዘመንና የገበሬው ድርሻ እንደ ተረት ሊፈጠሩ አይችሉም። የውጭ ገዥ በማሸጊያ ላይ የተጻፈውን የትውልድ ስፍራ እንደ ውል ቃል ይቆጥረዋል፤ በአንድ ላኪ ላይ የተነሣ ጥርጣሬም ለአካባቢው ማር ሁሉ ይተርፋል።

ለላኪ የሚሆን እውነተኛ ታሪክም አልጠፋብንም። ዳንግላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ሮበርት ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠባት ከተማ ናት፤ ይህ ሰው ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። በእንጅባራ አጠገብም በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። እንደዚህ ያለ ሀብት እያለን ስለ አገራችን መዋሸት አያስፈልገንም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር አጭር ነው። ጨዋታ ገበያተኛን ወደ ሱቅ ያመጣዋል፤ ሐሰት ግን በዚያው በር መልሶ ያስወጣዋል። ጨዋታው ንጹሕ የሚሆነው ባለቤቱ ሲታወቅ፣ ተጫዋቹ እየተጫወተ መሆኑን ሲያውቅ፣ ስለ ዕቃው የሚነገረው እውነት ሲሆን፣ የተባለውም ሽልማት በተባለው ቀን ሲሰጥ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ የጎደለበትን ዝግጅት ምክር ቤታችን ቢሰማ ከመጀመሩ በፊት መምከር ይገባዋል፤ አንድ ነጋዴ ያፈረሰውን እምነት መልሶ ለመገንባት የሚደክሙት ሁሉም ናቸውና።

መልካም ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ለመጪው የጥር በዓል ሰሞን ከአሁኑ ተሰባስበው ቢመክሩበት፣ ገጾቹን ለመጻፍ፣ መዝገቡን ለመያዝና ሚዛኑን ለማስመርመር በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።